ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አጥንቱ ሥር ቀላ ያለው የአሳማ ጎድን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ነው። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የአሳማ ጎድን ባርቤኪው ነፍሱ ነው፤ እኔ ኦቨን ውስጥ እሠራለሁ፣ ከልጆቹ ጋር አብረን እንበላለን። ግን የቱንም ያህል ባበስለው አጥንቱ ሥር ቀላ ብሎ ይቀራል። የአሳማ ሥጋ ትል አለው ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ እፈራለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላ ያለ ሁሉ ጥሬ አይደለም። አሳማ የሚታረደው ገና በወራት ዕድሜው ስለሆነ የመቅኔው ቀለም ከአጥንቱ ወጥቶ አጠገቡ ያለውን ሥጋ ያቀላዋል፤ ቢበስልም ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ በዓይን አይፍረዱ፣ የሥጋ ቴርሞሜትር ይግዙ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ የሚመክረው 145 ዲግሪ ፋራናይት (63 ሴልሺየስ) ካደረሱ በኋላ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ትሪኪኔላ የሚባለው ትልም፣ የአሳማ ኮሶ እጭም በዚህ ይሞታሉ።

ጎድን በ145 ቢወጣ ግን ባይጎዳም እንደ ጎማ ይሳባል። ጅማቱ ቀልጦ የሚለሰልሰው ከ190 እስከ 200 ዲግሪ ፋራናይት ድረስ በዝግታ ሲበስል ነው። ከአጥንቱ በቀላሉ የሚላቀቅ ጎድን እንግዲህ ትሉን የሚገድለውን ሙቀት አልፎ ሄዷል። ከጀርባው ያለውን ስስ ሽፋን ይላጡ፤ በፎይል አጥብቀው ጠቅልለው ኦቨኑን 275 ፋራናይት ላይ አድርገው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያቆዩት። ሶሱን የሚቀቡት መጨረሻ ላይ ፎይሉን ገልጠው ነው፤ ስኳር ስላለው ቀድሞ ከተቀባ ያርራል። አንድ ነገር አደራ፦ እንደ ሀገር ቤቱ ልማድ ጥሬውን ሥጋ ሲንክ ውስጥ አይጠቡት። ፍንጣሪው ጀርሙን ሰላጣው ላይና ዕቃው ላይ ይረጨዋል።

እኔን ከትሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግፊትዎ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግፊት ላለበት ሰው የሚመክረው በቀን ከ1,500 ሚሊግራም ሶዲየም እንዳያልፍ ነው፤ ይህ በጨው ሲሰላ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጎድኑ ደግሞ ጨው ከብዙ በር ይገባበታል። አንዳንዱ ሱቅ የሚሸጠው አስቀድሞ የጨው ውሃ የተወጋ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ ያልተወጋውን ይምረጡ። የጠርሙስ ሶስም ጨውና ስኳር የበዛበት ነው። ሚጥሚጣ ሲነሰንሱም ብዙ ጊዜ ጨው ተቀላቅሎበት እንደሚዘጋጅ አይርሱ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮምጣጤና ጨው ያልገባበት በርበሬ ያጣፍጡልዎታል። ሶሱን ለባለቤትዎ በሳህን ያቅርቡለት፤ ለእርስዎ ሁለት ሦስት አጥንት ከብዙ ጎመን ጋር ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጠቀሙ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖታሲየም ነው። ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ኩላሊትዎ ከደከመ፣ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የመድኃኒቶችዎን ስም ይዘው ይሂዱና ይጠይቁ።