ጥያቄና መልስ፦ «ኪኒኑን ካልተውሽ እምነትሽ ጎደሎ ነው» ስለ መባል

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ መስኮቱ ከነክፈፉ ጭንቅላቴ ላይ ወደቀብኝ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይጥለኝ ጀመር። ከመጣሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በር በኃይል ሲዘጋ ወይም ጎማ ሲፈነዳ ያን ቀን እንደገና እዚያው የቆምኩ ይመስለኛል፤ ሌሊትም መስታወት ሲረግፍ እየሰማሁ እባንናለሁ። አገሬ ከገባሁ በኋላ ሐኪሙ የሚጥል በሽታም፣ ድኅረ አደጋ ሰቀቀንም እንዳለብኝ ነግሮኝ ፌኖባርቢታል አዘዘልኝ፤ ከሥነ ልቦና አማካሪም ጋር አገናኘኝ። አምና በፍልሰታ ጠበል ስገባ አጥማቂው ‹ኪኒን ይዞ ጠበል መግባት ለሁለት ጌቶች መገዛት ነው› አለኝና ተውኩት። ሳምንት ሳይሞላ በላይ በላዩ ጥሎኝ ሆስፒታል ውስጥ ነቃሁ። ታላቅ እኅቴ አሁንም ‹ያልዳንሽው ስላልጸናሽ ነው› ትለኛለች፤ ጠበል ሲያፈሱብኝ መጮኼንም የመንፈስ ምልክት ነው ይሉኛል። ፍልሰታ እየደረሰ ነው፤ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የፍልሰታን ጾምና የሱባኤውን ሥርዓት እንደምታውቂው ከጥያቄሽ ተረድቻለሁና ወደዚያ አልገባም። የምዘገየው አጥማቂው በነገረሽ ቃል ላይ ነው፤ ይህ ቃል ለአንቺ ብቻ የተነገረ አይደለምና። በየጠበሉ ሥፍራ የስኳር ሕመምተኛው፣ የደም ግፊት ያለበት፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖረውና አእምሮው የታመመው ሁሉ ሲባለው ሰምቼዋለሁ፤ ያንን ቃል አምነው መድኃኒታቸውን ጥለው የተቀበሩም አሉ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ መድኃኒትን መተው የእምነት መግለጫ ነው የሚል ትምህርት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም።

ጌታችን ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል የተናገረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ እግዚአብሔርና ስለ ገንዘብ ነው። ለፌኖባርቢታል የሚሰግድ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ለገንዘብ የሚሰግድ ግን በጠበሉም ዙሪያ አይጠፋም። መድኃኒትን የሚቃወሙ ሰዎች ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለ ማስረጃ አለን ሲሉ የሚጠቅሱት የንጉሥ አሳን ታሪክ ነው፤ አሳ እግሩን በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን ፈልጓልና ተነቅፏል ይላሉ (2ኛ ዜና 16፥12)። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን የአሳ በደል እግዚአብሔርን አለመፈለጉ እንደሆነ ያያል። የዚያው የይሁዳ መንግሥት ንጉሥ የሆነው ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ ጸሎቱም ተሰማለት፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ዘንድ በነቢዩ ቃል ተነገረው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ማን ተቀብሏል? ሆኖም ያንን የተስፋ ቃል ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ሕዝቅያስ «እግዚአብሔር ከተናገረ በለሱ ምን ያደርግልኛል?» አላለም፤ ነቢዩም በለሱን በማዘዙ ቃሉን አልተጠራጠረም። ጸሎቱን የሰማው አምላክ በበለሱ ፈወሰው።

ይህንን የማነሣው አጥማቂውን ለመርታት አይደለም። አንቺ አምና የሠራሽው ሥራ እምነት ተብሎ ቢነገርሽም ሌላ ስም እንዳለው እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ባለው ጊዜ ከመዝሙር 90 ጥቅስ ጠቅሶለታል፤ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል የሚለውን። ጥቅሱ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ፈተና ነበር፤ ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ፌኖባርቢታልን በአንድ ቀን መጣል ከዚያ ጫፍ ላይ መወርወር ነው። አእምሮ መድኃኒቱን ከለመደ በኋላ በድንገት ሲነጠቅ መጣሉ እየተደራረበ፣ ሰውየው በመካከል ሳይነቃ ሊቀጥል ይችላል፤ ሐኪሞችም ይህን ለሕይወት የሚያሰጋ አጣዳፊ ሕመም አድርገው ያዩታል። መቀነስም ሆነ ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ቁጥጥር፣ ቀስ በቀስ ይደረጋል። ስለዚህ ያ ሳምንት የእምነትሽ መለኪያ ተደርጎ ሊቆጠርብሽ አይገባም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚሆነው ነገር ሆነብሽ፤ እግዚአብሔርም በምሕረቱ አተረፈሽ።

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይነግረናል፤ ወረድ ብሎም የታመመው ሰው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲርቅ፣ መሥዋዕት እንዲያቀርብ አዝዞ ለሐኪሙም ቦታ እንዲሰጠው ያዘዋል። ጸሎቱና ሐኪሙ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እኛ ነን ያፋታናቸው። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ሕክምና ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን ለመነኮሳቱ ጽፎላቸዋል፤ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ ጥሎ እግዚአብሔርን መርሳት እንደማይገባም አስጠንቅቋል፤ በቂሣርያም ለሕሙማን ማረፊያ አሠርቷል። በእኛም ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ጠበል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ የነበሩ ሰዎች ጉዳይ አነጋጋሪ በሆነ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትም ጠበልም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናግረዋል። ለቫይረሱ መድኃኒት የተባለው ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

መጮኼ የመንፈስ ምልክት ነው ይሉኛል ወዳልሽው ልምጣ። ክፉ መናፍስት የሉም የሚል ትምህርት የለንም፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታችን ያ በእሳትና በውኃ ይወድቅ የነበረውን ልጅ ጋኔኑን ገሥጾ እንደ ፈወሰው እናምናለን። ነገር ግን ያንን ልጅ የመረመረው ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ነው፤ እርሱ ስለ አንድ ልጅ ያወቀውን እኛ ስለሚወድቅ ሰው ሁሉ እንድንፈርድበት አልተሰጠንም። ያው ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲቈጥር አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥላቸውን፣ እንዲሁም ሽባዎችን ለየብቻ ጽፏቸዋል፤ ሁሉንም ፈወሳቸው ይላል እንጂ ሁሉም ጋኔን ነበረባቸው አላለም።

ስለ ጩኸትሽ ደግሞ እንዲህ አስቢ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውነትሽ ድንገተኛ ነገርን ሁሉ እንደ ፍንዳታ ይቀበላል። ማለዳ ሳታስቢው ቀዝቃዛ ውኃ በራስሽ ላይ ሲወርድ፣ ዙሪያሽን ሰው ሲጮኽ፣ አንዱ ክንድሽን ሲይዝ፣ ሌላው በመቁጠሪያ ጀርባሽን ሲመታ ባትጮኺ ነበር የሚገርመኝ። ከዚያ «ስምህ ማን ነው? ማን ላከህ?» የሚለው ምርመራ ይጀመራል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ እንዲተዉት ብሎ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። በዚህ መልክ በተገኘ ቃል ጎረቤት መተተኛ ተብሎ፣ አክስት በዓይነ ጥላ ተወንጅላ፣ ቤተሰብ ለዘመናት ሲቈራረጥ አይቻለሁና እባክሽ እንዲህ ያለውን ምርመራ አትቀበዪ። የታመመን ሰው መምታትና በሰንሰለት ማሰርም ጠበሉ የሚያዘው ነገር አይደለም፤ በሰቀቀን ለሚኖር ሰው ደግሞ አሮጌውን ቁስል እንደገና መክፈት ነው። አስቀድመሽ የሚጥለኝ ነኝ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱልኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ያንን የማይሰማ አጥማቂ ካጋጠመሽ ሌላ ጠበል አለ። ድምፅ ስትሰሚ የሚመጣብሽንና በእንቅልፍሽ ወይም ያለ ምክንያት የሚጥልሽን ለይተሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ሊለያይ ይችላል።

«ስላልጸናሽ ነው» ላለችሽ እኅትሽ የምመልስላት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለው የጌታ ቃል ነው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠየቀና አይደለም አለ። በቤይሩት ወደብ መጋዘን ውስጥ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት አንቺም ከተረፉት አንዷ ሆንሽ። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ (2ኛ ቆሮ. 12)፤ ሐዋርያውን አልጸናህም ያለው የለም።

ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በሰቀቀን የሚኖሩ ምእመናን የሌሊት ቅዠታቸውንና ድንጋጤያቸውን እንደ ኃጢአት ቈጥረው ወደ ንስሐ አባታቸው ያመጡታል፤ ይናዘዛሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ቅዠቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ንስሐዬ አልተሰማም ብለው ከመጀመሪያው የባሰ ይጨነቃሉ። ንስሐ ለኃጢአት ነው፤ ፍንዳታው ግን የአንቺ ኃጢአት አይደለም። ያየሽውን ለንስሐ አባትሽ መንገር ማጽናኛ ይሆንሻል፤ ቀኖና ግን አያስፈልገውም። ከአማካሪው ጋር መነጋገርሽም ለንስሐ አባትሽ የሚነገረውን ምስጢር ለሌላ መስጠት አይደለምና ሳትሰቀቂ ቀጥዪበት። ዳዊት «ልቤ በውስጤ ተናወጠብኝ፥ የሞት ድንጋጤም ወደቀብኝ» ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ሲናገር (መዝ. 54) አላፈረም።

እንግዲህ ወደ ፍልሰታሽ። ከሁሉ በፊት ጾሙ ሳይገባ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂና አምና የሆነውን ንገሪው። ቀጥሎ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 የታመመ ሰው ሸክሙ እንዲቀልለት ያዛል፤ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ በእልህ ሳይሆን ከእርሳቸው ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። መቍረብ ስትፈልጊም የኪኒኑን ሰዓት ከቅዳሴው ጋር ማስማማት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው፤ የማይቻል ከሆነም የንስሐ አባትሽ ይፍረዱ እንጂ በራስሽ ፈቃድ አንዲት ቀን እንኳ አታቋርጪ። ሌሊቱን በሙሉ በሰዓታትና በማኅሌት መቆም ለሌላው በረከት ነው፤ ለአንቺ ግን እንቅልፍ ማጣት መጣሉን የሚቀሰቅስ ዋና ነገር ነው፤ ሰቀቀኑም አስቀድሞ እንቅልፍሽን ወስዶብሻልና ያለሽን ጥቂት አትስጪ። ኤልያስ ነፍሱን ለማዳን ሸሽቶ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ በልቶም ተመልሶ ተኛ፤ ወደ ኮሬብ የሚያስኬደው መንገድ የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። ማታ ተኝተሽ ቀን በኪዳኑና በቅዳሴው ብትቆሚ ሱባኤሽ አልጎደለም። በር ቀርቅረሽ ለብቻሽ ሱባኤ አትግቢ፤ ወንዝ ወይም ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ወርደሽ አትጠመቂ፤ ቆመሽ ወይም ተቀምጠሽ የሚያፈሱልሽን ተቀበዪ፤ ጠጪም።

እኅትሽ ከአንቺ ጋር ትሄድ እንደሆነ ይህንን እርስዋም ታንብበው። የጣለው ሰው ከአፉ የሚወጣው አረፋ አይጋባም፤ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ባደረጉት ጥናት ሕመሙ በሚጥልበት ሰዓት በንክኪ ይተላለፋል ብለው የሚፈሩ ብዙዎች እንደሆኑ ታይቷል፤ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ስንቱ በእሳት ዳር ወድቆ ሳይነሣ ቀርቷል። እኅቴ፣ እኅትሽን ስትወድቅ አትሽሻት። ክብሪት አታሽትቻት፤ ማንኪያም ሆነ ጣትሽን ወደ አፏ አታስገቢ፤ እጅና እግሯን አትጫኚ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቀሽ፣ ነጠላሽን ከራሷ በታች አድርገሽ፣ መንዘፍዘፉ ሲበርድ በጎኗ አስተኛት፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት የጠበሉን ሰልፍ ትተሽ ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት። ስትነቃም «ጸንተሽ ቢሆን» አትበያት። የማታ ኪኒኗን ከጾም መፍቻው ምግብ ጋር እንድታስታውሻት አደራ ብዬሻለሁ።