አሮጌ ፓይፐር ካብ ማብረር ምኑ ነው የሚጥመው?

ሰላም ለግሩፑ ቤተሰቦች። ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሴስና 172 የግል አብራሪ ፈቃድ አውጥቻለሁ። የምበርበት አውሮፕላን ጂፒኤስም አውቶፓይለትም ትልልቅ ስክሪንም አለው። ታዲያ ሰው ራዲዮ እንኳ የሌለውን የሰማንያ ዓመት አውሮፕላን ከፍሎ የሚያበረው ለምንድን ነው? ናፍቆት ነው ወይስ በእርግጥ የሚገኝበት ነገር አለ?»

እኔ የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው። ቅዳሜና እሁድ የማበረው ፓይፐር ጄ-3 ካብ የሚባለውን ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር የመብረቅ መስመር ያለውን ቢጫውን። መልሴ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ናፍቆት የሚለውን መጀመሪያ እናንሳውና እንለፈው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው የ1940ዎቹ አሜሪካ በምን ዕዳዬ ይናፍቀኛል? የሚጥመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ አውሮፕላን ለአብራሪው የሚሠራለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ወደ እጅህ፣ ወደ እግርህና ወደ ጆሮህ ይመጣል። ደስታውም ያለው እዚያው ነው።

ከማስነሳቱ ልጀምር። ጄ-3 ሲሠራ ባትሪም ማስነሻም አልነበረውም። ሞተሩን የምታስነሳው ውልብልቢቱን በእጅህ አዙረህ ነው። አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ይይዛል፣ ሌላው ውልብልቢቱ ጋ ይቆማል። አዛዡ ውጭ ያለው ሰው ነው። «ስዊች ኦፍ!» ሲል ውስጥ ያለው አይቶ ይደግምለታል። ከዚያ ውልብልቢቱን ቀስ እያለ ይስበዋል። እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ ግፊቱ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል። ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው፣ አራቱንም ተራ በተራ ታዳምጣቸዋለህ። አንዱ ከደከመ ሞተሩ ሳይነሳ ታውቃለህ። ቀጥሎ «ኮንታክት!» ይባላል፣ ማግኔቶው (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) ይበራል፣ አንድ ጠንካራ ሳብ፣ ኮንቲኔንታል የሚባለው ሞተር ቱፍ ቱፍ ብሎ ይነሳል። ስልሳ አምስት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። (አደራ፣ ይህን ከቪዲዮ አይታችሁ እንዳትሞክሩት። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ያስተምራችሁ፤ ውልብልቢት እጅ ይቆርጣል።)

የነዳጅ ጌጁ ደግሞ ቡሽ ነው። አልቀለድኩም። ነዳጅ ታንኩ ከፊት፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ 12 ጋሎን ይይዛል። ውስጡ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ ቡሹ ላይ ሽቦ ተተክሏል፣ ሽቦው በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። ነዳጁ ሲቀንስ ሽቦው ይሰምጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሞተሩ በሰዓት ከ4 ጋሎን ትንሽ በለጥ ያለ ስለሚፈጅ እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ አላቅድም። ሽቦው ላይ ዐይን መጣል እንደ ልማድ ይሆናል። ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር እንዲህ ንቁ አያደርግህም።

አሁን ወደ እግርህ። ሴስና 172 ላይ ብዙዎቻችን እግራችን ሰንፏል፣ እንተማመን። ካብ ላይ ግን ስቲኩን (መሪ ዱላውን) ወደ ግራ ስትገፋ አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ከፍ ያለው የቀኝ ክንፍ በዚያው መጠን አየሩ ስለሚጎትተው ነው። የጅራቱን መሪ የሚያዞረውን ፔዳል አብረህ ካልረገጥክ አውሮፕላኑ በጎን ይንሸራተታል። እንደተንሸራተትክ የሚነግርህ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የለም፤ መቀመጫህ ላይ ወደ አንድ ወገን ትሳባለህ። በሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ነፋሱ በጉንጭህ ይመታሃል። እጅና እግርህ ሲስማሙ ነፋሱ ፀጥ ይላል። ያቺን ቅጽበት ካገኘሃት በኋላ ሴስናውንም ስታበር እግርህ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በሩ ስል፣ ካብን ካብ የሚያደርገው እሱ ነው። በቀኝ በኩል ሁለት ሆኖ ይከፈታል። የላይኛው መስኮት ወደ ክንፉ ሥር ተነስቶ ይያዛል፣ የታችኛው ወደ ታች ይወድቃል። በረራ ላይ ክፍቱን ትተወዋለህ። ፍጥነትህ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፊት ነፋስ ካለ ሀይዌዩ ላይ ያሉ መኪናዎች ጥለውህ ይሄዳሉ። በበጋ ምሽት ከሳስኩሃና ወንዝ በላይ በአንድ ሺህ ጫማ ስትሄድ የምታየው ካርታ አይደለም፣ የሰው ግቢ ነው። የታጨደ ድርቆሽ ይሸታል። አሚሾቹ (ከዘመናዊ መሣሪያ ርቀው የሚኖሩት ሃይማኖተኛ ገበሬዎች) እርሻ ጋ ስትደርስ ፍግ ይሸታል። (እሺ፣ ይህቺ ብቻ ናፍቆት ናት። የእናቴ አገር ሽታ ነው።) ወንዙ ላይ ስትደርስ አየሩ ድንገት ይቀዘቅዝና ትንሽ ዝቅ ትላለህ። ይህን ሁሉ በተዘጋ መስታወት ውስጥ ማን ይነግርሃል?

በሩ ሌላም ሥራ አለው። ፍጥነት ቀንሰህ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲቃረብ፣ የተንጠለጠለው የታችኛው በር በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የማስጠንቀቂያ ደወል የለም፤ በሩ ይነሳል፣ አንተ ስቲኩን ወደ ፊት ላላ ታደርጋለህ። የመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኝ አሰልጣኝ ከፊቴ ተቀምጦ ምንም ሳይናገር በጣቱ በሩን ጠቆመኝ።

ከፊቴ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። መቀመጫዎቹ ፊትና ኋላ ናቸው፣ ብቻህን ስትበር የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ ክብደቱ እንዲመጣጠን። ጅራቱ መሬት ላይ ስለሚያርፍ አፍንጫው ፊትህን ይጋርደዋል። ስለዚህ መሬት ላይ ስትነዳ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዝክ በጎን ማየት አለብህ።

ማረፉ ደግሞ ለብቻው ነው። ዋናዎቹ ጎማዎች ከፊት፣ የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ከእነሱ ኋላ ነው ያለው። ጥቂት ጠመም ብለህ ካረፍክ የኋላው ክብደት ጥመቱን ያባብሰዋል፤ ካልያዝከው አውሮፕላኑ ዞሮ ክንፉን መሬት ያስነካል። ሴስና ተመሳሳይ ጥፋት ይቅር ይላል፣ እንዲያውም ራሱን ያቀናል። ካብ አይምርም። ስቲኩን እስከ ሆድህ ስበህ ሦስቱም ጎማዎች እኩል ሣሩን ሲነኩ የሚሰማህ ደስታ ግን ምን ብዬ ልንገርህ፤ ሣሩ ሲያፏጭ ትሰማለህ። ደስታውን ለማጣጣም ጊዜ የለህም፣ እግርህ ገና እየሠራ ነው። አውሮፕላኑ እስኪቆም ድረስ በረራው አላለቀም።

ታሪኩን በአጭሩ፦ ጄ-3 የተሠራው እዚሁ ፔንሲልቬንያ፣ ሎክ ሄቨን ከተማ ነው። የፓይፐር ኩባንያ ብራድፎርድ የነበረው ፋብሪካው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲቃጠልበት ወደ አንድ አሮጌ የሐር ፋብሪካ ተዛወረ። ከ1938 እስከ 1947 ሃያ ሺህ የሚጠጋ ተሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እልፍ አሜሪካውያን መብረር የተማሩት በእሱ ነው። ዛሬም መለዋወጫው ይገኛል፣ አሠራሩም ቀላል ነው፦ የብረት ቱቦ አጽም፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ጨርቅ። ክንፉን በጣትህ ስትነካው እንደ ከበሮ ይመልስልሃል። በየዓመቱ ጁን ላይ ሎክ ሄቨን ላይ ስብሰባ አለ፤ ሜዳው ቢጫ በቢጫ ይሆናል።

አገር ቤት ላላችሁ፦ የእኛም አሮጌ ቀላል አውሮፕላን አለችን። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን የሠሯት ባለ ሁለት መቀመጫዋ «ፀሐይ» ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በ2024 ተመልሳለች። ካብን አዲስ አበባ ላይ ማብረር ግን አልመክርም። ቦሌ ከፍታው 2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ከስልሳ አምስቱ ላይ ሩብ ተነስቶለት ሁለት ሰው ይዞ ሲነሳ ማየት አልፈልግም።

መከራው የለም አልልም። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ክረምት ላይ እግር ይደነዝዛል። የፊት ወንበር ለመግባት ሰውነትን ማጣጠፍ ያስፈልጋል። ሩቅ አገር ለመሄድ ከሆነ አውቶቡስ ይሻላል።

መሞከር ከፈለግክ እንዲህ አድርግ። አሜሪካ ካለህ፣ የጅራት ጎማ ላለው አውሮፕላን ከአሰልጣኝ ፊርማ ያስፈልግሃል። ፈተና የለውም፣ በሕጉ የተወሰነ ሰዓትም የለም፤ አሰልጣኙ ሲያምንብህ ሎግቡክህ (የበረራ መዝገብህ) ላይ ይፈርማል። ብቻህን እንድትከራየው የሚፈቅድ ግን በኢንሹራንስ ምክንያት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አስቀድመህ ጠይቅ። ሶሉ ቀጭን ጫማ አድርግ፤ ፍሬኑ ተረከዝህ ሥር ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ በወፍራም ቡት አታገኛትም። ለአሰልጣኙ ስትደውል ክብደትህን ሳትቀንስ ንገረው። አውሮፕላኑ ሰውና ነዳጅ ጨምሮ የሚፈቀድለት 1,220 ፓውንድ ነው። ሁለታችሁም ከ190 ፓውንድ በላይ ከሆናችሁ ታንኩን ሞልታችሁ መነሳት ላይቻል ስለሚችል አጠር ያለ በረራ ያቅድልህ።