ቀዩ መኪናና ቀዩ ምልክት

ልጆቼ፣

በ22 ዓመቴ የአንድ የጭነት መኪና የፍሬን ዘይት ቱቦ ስገጥም ዳዶውን ያለ ልክ አጠበቅሁት። የዳዶ ጥርስ ሲበላ ድምፅ የለውም፤ መፍቻው ድንገት ይቀልላችኋል፣ እጅ ያውቀዋል። ቀና ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ማንም አላየኝም። ፍሬኑን ስረግጠው ያዘ፤ ዘይትም አልፈሰሰም። ሆድ ይፍጀው ብዬ እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ መኪናው በማግሥቱ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ ሊወርድ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከጋራዡ በር ላይ ቆሜ ዋናውን መካኒክ ጠበቅኋቸውና ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። ቱቦውን አስፈትተው አዩት፤ ከዚያ የሥራ ደብተሩን ገልጠው ብልሽቱን ጻፉና ከሥሩ «ያገኘው» ብለው ስሜን አሰፈሩ። «ያበላሸው» ብለው ቢጽፉም ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በሙያው ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። አንድን የሥራ ቦታ ለማወቅ ስፈልግ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ እዚህ ቤት መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ምን ይደረጋል? ለዚህ ጥያቄ ከፎርድ መኪና ፋብሪካ ታሪክ የበለጠ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም። ስለዚህ እሱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የማስቀምጠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1893 የገና ዋዜማ ማታ ሄንሪ ፎርድ በእጁ የሠራትን ትንሽ ሞተር ይዞ ዲትሮይት ከሚገኘው ቤቱ ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ ክላራ ለበዓሉ ምግብ እያዘጋጀች ነበር። ሞተሯን ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አሰራት፤ ለብልጭታው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ከቤቱ መብራት ወሰደ። ክላራ ቤንዚኑን በእጇ ጠብ ጠብ ስታደርግላት ሞተሯ ተነሣች። በሚቀጥለው ክፍል የሰባት ሳምንት ሕፃን ተኝቷል፤ ስሙ ኤድሰል ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በሰኔ 1896፣ ሄንሪ የመጀመሪያዋን መኪናውን ጨረሰ። አራት የብስክሌት ጎማ ያላት፣ የኋላ ማርሽ የሌላት ቀላል ነገር ነበረች። ከሠራባት ጎጆ ሊያወጣት ሲል ግን በሩ ጠበበው። በሩን ቀድሞ አልለካም ነበር። መጥረቢያ አንሥቶ የጡብ ግድግዳውን አፈረሰና በሌሊት ወደ ጎዳናው ነዳት። እኔ ይህን ሰው በዚህ ዕድሜው እወደዋለሁ። ስህተቱን ሲያይ አልተከራከረም፤ ግድግዳውን አፈረሰ።

ቀጥሎ ያቋቋማቸው ሁለት ኩባንያዎች አልሆኑለትም። አንዱ ፈረሰ፤ ከሁለተኛው ራሱ ወጣ፤ ያ ሁለተኛው ኋላ ካዲላክ ሆነ። ሦስተኛው፣ ዛሬ የምናውቀው ፎርድ፣ በሰኔ 1903 በ28,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተመሠረተ። በወሩ ውስጥ ካዝናው ውስጥ የቀረው 223 ዶላር ከ65 ሳንቲም ብቻ ነበር። ከመዝጋት ያዳነው አንድ የቺካጎ የጥርስ ሐኪም የመጀመሪያዋን መኪና በ850 ዶላር መግዛቱ ነው።

በ1908 ሞዴል ቲ ወጣች። መካኒክ ለሆናችሁት ስለ እሷ ጥቂት ካልነገርኳችሁ ያንገበግበኛል። ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። አራቱ ሲሊንደር በአንድ ብሎክ ተቀልጦ የተሠራ ሲሆን ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ተፈትቶ ይነሣል፤ ገበሬ በጓሮው ሊጠግናት የቻለው በዚህ ነው። ብረቷ ቫናዲየም የተቀላቀለበት፣ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ከእግር በታች ሦስት ፔዳል አለ፤ ግን አንዱም ነዳጅ አይሰጥም፤ ነዳጅ የሚሰጠው ከመሪው ሥር ባለ ዘንግ ነው። ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ስለሚወርድ፣ ነዳጅ ሲያንስ ዳገት የሚወጣው ሾፌር መኪናዋን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር። ስትነሣ በእጅ ትዞራለች፤ መዞሪያው መልሶ ሲመታ የስንቱን አውራ ጣት ሰብሯል። መንገድ በሌለበት አገር ግን ጭቃውንም ድንጋዩንም አልፋ ትደርስ ነበር።

ሕዝቡ ተሻማባት፤ ፋብሪካውም ማድረስ አቃተው። በ1913 የጸደይ ወራት ሃይላንድ ፓርክ በተባለው ፋብሪካ ውስጥ ለብልጭታ የሚያገለግለውን ማግኔቶ የሚገጥሙትን ሰዎች በመስመር አቆሟቸው። አንድ ሰው ብቻውን ሲገጥመው 20 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥራ ለ29 ሰው ሲከፋፈል ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወረደ። ከዚያ የመስመሩን ከፍታ ከፍ አደረጉት፤ ወገብ እየጎበጠ መሥራት ሲቀር ጊዜው ወደ 7 ደቂቃ ወረደ። መስመሩ በሰንሰለት ሲጎተት ደግሞ 5 ደቂቃ ሆነ። ጉብጠት ማንም የማይጽፈው ብልሽት ነው፤ አንድ ሰው ግን አይቶት ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ መላ መኪናዋ በመስመር ላይ ትገጣጠም ጀመር፤ 12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ የነበረው፣ የመኪናዋ አጽም የሆነው የሻንሲ ሥራ በ1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ አለቀ።

መስመሩ ግን ሰውን ሰለቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቡሎን ማጥበቅ ነፍስ ያደርቃል። በ1913 ፋብሪካው 14,000 ሰው በሥራ ላይ ለማቆየት 52,000 ሰው መቅጠር ነበረበት፤ የቀረው እየጣለ ይሄድ ነበር። ያ ሁሉ እግር ሲወጣ መጥፎ ወሬ እየተናገረ ነበር፤ ሄንሪም ሰማው። በጥር 1914 የቀን ደመወዙን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገ፤ የሥራውንም ሰዓት ከ9 ወደ 8 አወረደ። እርግጥ ነው፣ ከገንዘቡ ጋር የሠራተኛውን ቤት፣ የትዳሩንና የመጠጡን ሁኔታ የሚመረምሩ ሰዎች ተላኩ፤ ይህ ለእኔ የሚዋጥ አይደለም። ሆኖም የመኪናዋ ዋጋ እየወረደ ሄዶ በ1925 ርካሽ የምትባለው 260 ዶላር ደረሰች፤ የሠራት ሰው ሊገዛት የሚችል መኪና ሆነች።

አሁን ወደ ቀዩ መኪና እንምጣ። በ1912 ሄንሪ አውሮፓ ሰንብቶ ሲመለስ፣ መሐንዲሶቹ ደስ ይለዋል ብለው የተሻሻለች ሞዴል ቲ ሠርተው ጠበቁት። ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ቀይ ቀለም የተቀባች ነበረች። በቦታው የነበረ አንድ ሠራተኛ ኋላ እንደተረከው፣ ሄንሪ እጁን ኪሱ ከትቶ ዙሪያዋን ደጋግሞ ዞረ። ከዚያ በሩን ይዞ ገነጠለው። ቀጥሎ ሌላውን በር። መስታወቱን ሰበረ፣ ጣሪያውን ቀደደ። አንድ ቃል ሳይናገር ለሁሉም ነገራቸው፦ ሞዴል ቲ እንከን የላትም።

ግድግዳውን ያፈረሰው እጅና በሩን የገነጠለው እጅ አንድ ናቸው። በመካከላቸው ያለፈው 16 ዓመትና አንድ ታላቅ ስኬት ነው። ልጆቼ፣ ስኬት ሲመጣላችሁ ይህን አስታውሱ፤ የሚያስፈራኝ ውድቀታችሁ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በዝምታ የሆነ ነው። ዊልያም ክኑድሰን የተባለ ዴንማርክ የተወለደ ብርቱ የምርት ሰው ከሄንሪ ጋር ስላልተስማማ በ1921 ለቅቆ ወጣ። በ1926 መጀመሪያ ኤርነስት ካንዝለር የተባለ የኩባንያው ኃላፊ፣ የኤድሰል ሚስት እህት ባል፣ ሞዴል ቲ ጊዜዋ እንዳለፈ በአክብሮት የሚያስረዳ ረጅም ማስታወሻ ጻፈ። ሄንሪ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ ካንዝለርም ዓመቱ ሳያልቅ ተባረረ። ኤድሰል በስም ፕሬዝዳንት ነበር፤ አባቱ ግን በሰው ፊት ያዋርደው ነበር። በግንቦት 1927፣ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ከተሠራ በኋላ፣ ገበያው ራሱ በሩን ገነጠለ። ምትክ የሚሆን መኪና አልተዘጋጀም ነበርና ፋብሪካው ወራት ቆመ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። በዚያ ዓመት ፎርድን በሽያጭ የቀደመው ሸቭሮሌ ነው። የሸቭሮሌ አለቃ ማን ይመስላችኋል? ክኑድሰን።

የሚሠራበት ቤት ጆሮ የሌለው ወጣት ካላችሁ፣ ከዚህ ሰው ታሪክ ተማሩ። መልቀቅ ሽንፈት አይደለም። መጀመሪያ ግን ተናገሩ፤ እንደ ካንዝለር በጽሑፍ፣ በቁጥር፣ በአክብሮት።

ፍሬን ስለምወድ ይህን ልጨምር። ተወዳዳሪዎቹ የዘይት ፍሬን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ፎርድ መኪናውን በብረት ዘንግና በሽቦ ያቆም ነበር። ሄንሪ የዘይቱን ፍሬን የተቀበለው ለ1939 መኪናዎች ነው። በ1920ዎቹም በራሱ ጋዜጣ በአይሁድ ላይ ጥላቻ ሲያሰራጭ ቆይቶ በ1927 ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ይህን የምጽፈው ታላላቆችን ስታደንቁ ዓይናችሁን እንዳትጨፍኑ ነው፤ ሰውየው ሠርቷል፣ ሰውየው በድሏልም። ኤድሰል በ1943 በ49 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ኩባንያውን በ1945 የተረከበው ልጁ፣ ሁለተኛው ሄንሪ ፎርድ፣ ያገኘው በየወሩ ሚሊዮኖች የሚከስር ቤት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1948 ኤፍ የሚባለው የፒክአፕ ዘር ተጀመረ፤ በሚያዝያ 1964 ሙስታንግ ኒው ዮርክ ላይ ተገለጠች፤ በሁለት ዓመት ሚሊዮን ተሸጠች። ደግ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፒንቶ ነው።

ፒንቶ ለ1971 የወጣች ትንሽ መኪና ናት። ክብደቷ ከ2,000 ፓውንድ፣ ዋጋዋም ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ታዞ በጥድፊያ ተሠራች። የነዳጅ መያዣዋ የተቀመጠው በኋላው አክስልና በፓራውልቱ መካከል ነው። ከኋላ ስትገጭ መያዣው ወደ ፊት ተገፍቶ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ከዲፈረንሻሉ ቡሎኖች ጋር ይላተምና ይበሳል። ይህንን የኩባንያው የራሱ የግጭት ሙከራዎች አሳይተው እንደነበር በፍርድ ቤት ተሰምቷል። መፍትሔው ለአንድ መኪና ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ነበር። በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዷ ተገጭታ ስትቃጠል ሾፌሯ ሞተች፤ አብሯት የነበረ የ13 ዓመት ልጅ ክፉኛ ተቃጠለ። 1 ሚሊዮን ተኩል መኪና ለጥገና የተጠራው በ1978 ነው። የተደረገላቸው ጥገና በመያዣውና በቡሎኖቹ መካከል የሚገባ የፕላስቲክ መከላከያና ረዘም ያለ የመሙያ ቱቦ ነበር። አንድ ፕላስቲክ፣ ልጆቼ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። እዚህ ግን መድኃኒቱ በእጅ ነበረ፤ የተደበቀው በሽታው ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጋራዥ መምራት ከጀመርኩ በኋላ አንድ ተለማማጅ ልጅ እኔ የገጠምኩት ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደሚያጉረመርም ነገረኝ። «አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?» አልኩት፣ በሁሉም ፊት። መኪናው በሁለት ሳምንቱ ተጎትቶ ተመለሰ። የከፋው እሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ደህና ነበር። እንደዚያ ያለ ደህንነት ለጋራዥ ሞት ነው።

በ2006 ፎርድ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከቦይንግ የመጣው አለን ሙላሊ መሪነቱን ያዘ። ኩባንያው ያለ የሌለ ንብረቱን፣ ሰማያዊውን ሞላላ ምልክቱን ሳይቀር፣ አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። ሙላሊ ኃላፊዎቹን በየሳምንቱ ሐሙስ ይሰበስባቸው ነበር። እያንዳንዱ ሥራ በሦስት ቀለም ይመጣል፦ ደህና የሆነው አረንጓዴ፣ የሚያሰጋው ቢጫ፣ የተበላሸው ቀይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም አረንጓዴ ይዞ መጣ። ሙላሊ ጠየቃቸው፦ ቢሊዮኖች የሚከስር ኩባንያ ውስጥ አንድም የተበላሸ ነገር የለም? ማንም አልመለሰም።

ቀጥሎ ማርክ ፊልድስ የአሜሪካው ክፍል ኃላፊ ቀይ ይዞ ገባ። ካናዳ፣ ኦክቪል ፋብሪካ የተሠራው አዲሱ ኤጅ መኪና ችግር ስለተገኘበት እንዳይላክ አስቁሞታል። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ብዙዎቹ የፊልድስ ነገር አበቃ ብለው ነበር። ሙላሊ አጨበጨበ። ከዚያ ማን ሊረዳው እንደሚችል ጠየቀ፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ እገዛ መጣ። ውሎ ሳያድር የሌሎቹም ወረቀት ቢጫና ቀይ ይለብስ ጀመር። በ2009 ጀነራል ሞተርስና ክራይስለር በኪሳራ ፍርድ ቤት ሲገቡ ፎርድ አልገባም፤ በ2012 ሰማያዊውን ምልክት ከመያዣ አስለቀቀ። ፊልድስ በ2014 በሙላሊ ቦታ ተተካ።

ይህን ባነበብኩ ሰሞን ለጋራዡ ጥቁር ሰሌዳ ገዛሁና ከመግቢያው አጠገብ ሰቀልኩት። ቀይ ጠመኔ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን ማንም አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሴ ሄጄ የዚያን ካምቢዮ ነገር ከነታርጋው ጻፍኩት፤ ከሥሩም «ያገኘው» ብዬ የተለማማጁን ልጅ ስም አሰፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ልጁ መጥቶ ረጅም ጊዜ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ጠመኔውን አነሣ።

የእናንተው አባት