ቢጫ ዳል ሁሉ ሙንግ አይደለም

እህቴ፣ ዱባይ ሆነሽ አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና አመጋገብ እንደጀመርሽ፣ ማታ ማታ ቀይ ምስር ክክ ቀቅለሽ ስትበዪ ሆድሽን እየነፋሽ እንቅልፍ እንደነሳሽ ጽፈሻል። ምስርን ጨርሰሽ ከመተውሽ በፊት እነዚህን አስተካክዪ።

1. መጀመሪያ እህሉን ቀይሪ። አዩርቬዳ ጥራጥሬን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። ጥንታዊው የአዩርቬዳ መጽሐፍ ቻራካ ሳምሂታ ከጥራጥሬ ሁሉ ተስማሚ የሚለው ሙንግን ነው፤ የኛን ማሾ ማለት ነው። ቀይ ምስር ለሆድ ቀላል ቢሆንም ያደርቃል፤ ድርቀትና ነፋስ የሚበዛበትን ሰው፣ ቫታ የሚሉትን፣ ይነፋል። ለጊዜው ተዪውና ቆዳው የተገፈፈ የማሾ ክክ ያዢ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ዳል ሕንዶች ክክን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ሕንድ ሱቅ ገብተሽ «ቢጫ ዳል» ካልሽ ከሦስቱ አንዱን ያነሱልሻል። ሙንግ ዳል ደቃቅና ሞላላ ነው። ቱር ዳል ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ እንዳይነቅዝ በዘይት ስለሚታሽ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ቻና ዳል የሽምብራ ክክ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይበስልም፣ ሆድንም ከሙንግ የበለጠ ይነፋል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ አትቀበዪው። አይደለም! ከረጢቱ ላይ ሙንግ የሚለውን ሳታነቢ አትክፈዪ።

2. አንድ ኩባያ ክክ ውሃው እስኪጠራ እጠቢ፣ 1 ሰዓት ዘፍዝፊ፣ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊው። አንጀት የማይፈጨው፣ ሆድ የሚነፋው ስኳር ከፊሉ ከዚያ ውሃ ጋር ይሄዳል። በ4 ኩባያ አዲስ ውሃ ጣጂና ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ እየጨለፍሽ ጣዪ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና የተከተፈ ዝንጅብል ጨምረሽ በመለስተኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተዪው። ሎሚና ቲማቲም ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ክኩ ድርቅ ብሎ ይቀራል። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣትሽ ጨፍልቂያት፤ መሀሏ ላይ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር ከተሰማሽ ገና ነው። ያልበሰለ ሙንግም እንደ ቀይ ምስሩ ይነፋል።

በእኛ ወጥ ቁሌቱ ይቀድማል፤ እዚህ ግን ቅመሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ታድካ ይሉታል። በትንሽ መጥበሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅመም የሌለው ንጥር ቅቤ አግዪ፤ ጾም ከሆነ የሰሊጥ ዘይት ይተካዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን ጨምሪ። መንጣጣት ሲጀምር አውርጂው፣ ሂንግ ከሚባለው የሙጫ ቅመም ዱቄት በሁለት ጣት ቆንጥረሽ ጣል አድርጊና ወዲያው ዳሉ ላይ ገልብጪው። ከሙኑ ከጠቆረ ድስቱን በሙሉ ያመረዋል፤ አትሳሺ፣ ደፍተሽ እንደ አዲስ ጀምሪ። ሂንግ ጥሬውን ይከረፋል፤ ትኩስ ቅቤ ሲነካው ግን የነጭ ሽንኩርት ጣዕም ይሰጣል፣ ነፋስንም ይበትናል ተብሎ ነው የሚገባው። ስንዴ የማይስማማሽ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቢ፤ የሱቁ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው።

ሰዓቱም አለ። በአዩርቬዳ የሆድ እሳት፣ አግኒ የሚሉት፣ የሚበረታው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ዳሉን ወደ ምሳ አዙሪው። ማታ ካላማረሽ በቀር አትንኪው፤ ካማረሽም እንደ ሾርባ አቅጥነሽ፣ ከመተኛትሽ 3 ሰዓት በፊት። ከወተት ጋር አትቀላቅዪው። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ የረጋውንም አዩርቬዳ አይፈልገውም፤ ከላይ ያልኩሽ አንድ ኩባያ ለአራት ሰው ነው፣ ለአንድ ሰው ሩብ ኩባያ ደረቅ ክክ ስለሚበቃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀቅዪ።