«2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» እውነት አሰልቺ ነው?

ወንድሜ፣ አንድ ተቺ ይህን ፊልም «ምንም የማይፈጠርበት አሰልቺ ነገር» ብሎ እንዳጣጣለው ጠቅሰህ ልየው ወይስ ይቅርብኝ ብለሃል። እየው!

ቀርፋፋ መሆኑ እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ አንድም ቃል አይነገርም። ግን «ምንም አይፈጠርም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የጠፈር መርከቡን የሚቆጣጠረውን ሃል የሚባለውን ኮምፒውተር ብቻ ውሰድ። ሰው ገድሏል። ጠፈርተኛው ዴቭ የማስታወሻ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲነቅልበት ግን ፈራሁ እያለ ይለምነዋል፤ ድምፁ እየተጎተተ ይዘፍናል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ገዳዩ አንጀቴን ይበላዋል። ፊት የለው፣ እጅ የለው፤ አንዲት ቀይ መብራትና የተረጋጋ ድምፅ ብቻ! ይህን ማድረግ ቀላል ነው እንዴ?

ደግሞ ፊልሙ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1968 ነው፤ ሰው ጨረቃን ሳይረግጥ። የዛሬው ኮምፒውተር ግራፊክስ የለም። አንዱ ጠፈርተኛ ክቡን ክፍል እየዞረ የሚሮጥበትን ትዕይንት የፊልሙ ዳይሬክተር ኩብሪክ የቀረጸው በእውነት በሚሽከረከር ግዙፍ ክፍል ውስጥ ነው። ከመርከቡ ውጪ የሞተር ጩኸት አትሰማም፤ አየር በሌለበት ድምፅ የለምና። የምትሰማው ወይ ሙዚቃ ነው፣ ወይ የጠፈርተኛውን ትንፋሽ።

መጨረሻው ግራ ያጋባል፤ እሱን በራስህ ፍታው። ብቻ በስልክ እንዳታየው። ትልቅ ስክሪን ፈልግ፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው።