ለሲንግል ስፒድ ማውንቴን ሳይክል የኋላ ሞዞ፦ መጀመሪያ ቴላዮህን ለካ

ወንድሜ፣ የድሮ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክልህን ማርሹን አውልቀህ ለእንጦጦ ሲንግል ስፒድ (አንድ ማርሽ ብቻ ያለው) ልታደርገው እንዳሰብክና ባለሱቁ የቢ.ኤም.ኤክስ (የትንሿ የትርኢት ሳይክል) ሞዞ፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚታሰሩበት የጎማው መሃል፣ ውሰድ እንዳለህ ጽፈሃል። አትውሰድ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ሰው ለአንድ ሞዞ ሁለት ጊዜ ሲከፍል ማየት ያበሳጫል።

1. ስፋት። የኋላውን ጎማ አውልቅና አክስሉ የሚገባባቸውን ሁለቱን የቴላዮ (የሳይክሉ አካል) ጫፎች ከውስጥ ወደ ውስጥ ለካ። አክስሉ ባለ 10 ሚሊ ሆኖ በእጅ ማጥበቂያ የሚያዝ ከሆነ 135 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ። ባለ 12 ሚሊ ወፍራም አክስል ያላቸው አዳዲሶቹ 142 ወይም 148 ናቸው። የቢ.ኤም.ኤክስ ሞዞ 110 ነው፤ አክስሉም ብዙ ጊዜ 14 ሚሊ ስለሆነ ቴላዮህን ካልሞረድክ አይገባም። ባለሱቆች የሚወዷት "በሮንዴላ ይሞላል" የምትል መልስ አለች። 25 ሚሊ በሮንዴላ ሲሞላ አክስሉ ከኩሽኔታው ውጪ ያለ ድጋፍ ይረዝማል፤ ዳገት ላይ ቆመህ ስትጫነው ይጎብጣል። ዲስክ ፍሬን ካለህ ደግሞ አብዛኞቹ የቢ.ኤም.ኤክስ ሞዞዎች የዲስኩ ማሰሪያ የላቸውም።

2. የሚጠመዘዝ ፍሪዊል (ሞዞው ላይ የሚጠመዘዝ የጥርስ ስብስብ) ወይስ ካሴት (ሞዞው ላይ ባለ ከበሮ የሚሰካ)? ካሴት። ጥርስ የምለው ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ቀለበት ነው። በሳይክልህ ላይ አሁን ያለው ባለ 7 ጥርስ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነም እሱን ለማትረፍ አትድከም። በዚያ ዓይነት ሞዞ የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሪዊሉ በስተ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከቴላዮው ይርቃል፤ የሚሰበሩት አክስሎች የሚሰበሩት እዚያ ቦታ ላይ ነው። በካሴት ሞዞ ግን ኩሽኔታው ጥርሶቹ በሚሰኩበት ከበሮ (ፍሪሃብ) ጫፍ፣ ቴላዮው አጠገብ ነው። ሌላው ችግር መፍታቱ ነው። ፍሪዊሉ በእያንዳንዱ የፔዳል ግፊት ራሱን እያጠበቀ ይሄዳል፤ ከጥቂት ወራት ዳገት በኋላ ያለ ሞርሳና ያለ ትክክለኛው መፍቻ አይወጣም። መዶሻና መበሻ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ካየህ ሳይክልህን ይዘህ ውጣ።

የካሴት ከበሮ ትልቁ ጥቅም ግን ካቴናውን ቀጥ ማድረግ ማስቻሉ ነው። ከበሮው ሰፊ ስለሆነ ጥርሱን በስፔሰር (ከጥርሱ ግራና ቀኝ በሚገቡ ቀለበቶች) ግራ ቀኝ ታንቀሳቅሰዋለህ። ፊት ለፊት፣ ከመቀመጫው ቱቦ መካከል እስከ ጥርሱ መካከል ለካ፤ 50 ሚሊ ነው እንበል። ኋላ ደግሞ የ135 ግማሽ 67.5 ነው፤ ስለዚህ የኋላው ጥርስ መካከል ከቴላዮው የውስጥ ፊት 17.5 ሚሊ ገባ ማለት አለበት። የአንድ ሚሊ ልዩነት ችግር የለውም፤ ከሁለት ካለፈ ካቴናው ይጮሃል፣ ጉድጓድ ላይም ይወልቃል። ስፔሰር መግዛት አያስፈልግህም፦ ያለቀ ባለ 8 ጥርስ ካሴት ፈልግና የያዙትን ሪቬቶች በድሪል አውጣ፤ ውስጡ ባለ 3 ሚሊ ስፔሰሮች አሉ። ውስጡ 35 ሚሊ የሚሆን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቀጥ አድርገህ ብትቆርጥም ይሠራል።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚበላው ነገር ላይ ደረስን፣ ተራ ቁጥሩን ልተወው። ከበሮው ከምን እንደተሠራ ሳትጠይቅ እንዳትገዛ። ማርሽ ያለው ሰው ዳገት ሲመጣ ወደ ቀላል ጥርስ ይቀይራል፤ የካሴቱ ትልልቅ ጥርሶችም ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ስለተያያዙ ጭነቱን ይጋራሉ። አንተ ግን በሙሉ ክብደትህ ቆመህ አንዲት ጥርስ ላይ ነው የምትጫነው። ከበሮው አሉሚኒየም፣ ጥርሱ ደግሞ ከካሴት የተነቀለ 2 ሚሊ የማይሞላ ስስ ብረት ከሆነ፣ ጥርሱ እንደ ቢላ ከበሮውን ይበላዋል፤ ገብቶ ይቀረቀርና አይወጣም። በዚህ የተበላሹ ውድ ሞዞዎች ብዙ ናቸው፣ ሻጩም "አጠቃቀም ነው" ብሎ ይመልስሃል። ስለዚህ ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ከበሮው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። የሺማኖ ዲኦሬ ሞዞዎች ከበሮ ብረት ነው፣ ዋጋቸውም የሚቻል ነው፤ ኩሽኔታቸው በየጎኑ 9 ባለ ሩብ ኢንች ኳስ ስለሆነ ማንም ሠፈር ውስጥ ያለ ጎበዝ ጠጋኝ አጥቦ ግራሶ ይቀባዋል። ዲቲ ስዊስ 350 ግሩም ሞዞ ነው፣ ግን በተለምዶ አሉሚኒየም ከበሮ ይዞ ይመጣል፤ የብረቱን ለብቻ ማዘዝ አለብህ። አሉሚኒየም ላይ ግድ ካልክ እግሩ (ከበሮው ላይ የሚቀመጠው ክፍል) 4 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው፣ ለሲንግል ስፒድ ተብሎ የተሠራ ጥርስ ግዛ። የሲንግል ስፒድ ጥርስ ረጅምና እኩል ነው፤ የካሴቱ ካቴናውን እንዲለቅ ሆን ተብሎ የተፈለፈለ ነው።

"ብዙ ክሊክ ያለው ይሻላል" ለሚሉህ፦ በአንድ ዙር 18 መያዣ ነጥብ (ክሊክ) ያለው ሞዞ እስኪይዝ ድረስ ከበሮው እስከ 20 ዲግሪ በባዶ ይዞራል፣ 36 ያለው 10፣ እንደ ክሪስ ኪንግ 72 ያለው 5። ድንጋይ ላይ ፔዳሉን እያወዛወዝክ ለመውጣት 36 በቂ ነው። ርካሽ ሆኖ ክሊኩ የበዛ ሞዞ የውስጡ መያዣ ጥርሶች ደቃቅ ስለሆኑ አቧራ ሲገባበት ይንሸራተታል፤ ቆመህ ስትጫን ከተንሸራተተ ጉልበትህ መሪው ላይ ያርፋል። ውስጡ ወፍራም ግራሶ አትጠቅጥቅ፣ መያዣዎቹን ያጣብቃቸዋል፤ ቀጭን ቅባት ይበቃል።

የቴላዮህ የአክስል ማስገቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚከፈት ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ ካቴና መወጠር አትችልም። ርካሹ መፍትሔ በማርሽ መቀየሪያው ማሰሪያ ላይ የሚታሰር መወጠሪያ ነው። ዋይት ኢንደስትሪስ የሚሠራው ኢኖ ሞዞ ራሱ ከመሃል ወጣ ብሎ የሚዞር አክስል ስላለው ካቴናውን ይወጥራል፤ ነገር ግን ሞዞው ሲንቀሳቀስ ዲስኩም ስለሚንቀሳቀስ ፍሬኑን በየጊዜው ማስተካከል ይኖርብሃል።

ከመክፈልህ በፊት የቸርኬውን ቀዳዳ ቁጠር፤ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 36 ነው፣ ሞዞውም እኩል ካልሆነ አይገጥምም። ራጂዎቹም ሞዞው ሲቀየር ርዝመታቸው ሊለወጥ ስለሚችል ሞዞውን ሳትይዝ ራጂ አትግዛ። የቴላዮህን ስፋት፣ የቀዳዳውን ቁጥርና የፊት ጥርሱን ልኬት እዚህ ጻፍልኝ፣ የስፔሰሩን አደራደር አሰላልሃለሁ።