ወንበሩን ትተህ ተለማመድ፦ ስለ ኤልክ አደን ለጠየቀው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምትኖረው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የማደን ፈቃድ ወጥቶልሃል። .308 ካሊበር (የጥይት ውፍረት በኢንች) የሆነው ጠመንጃህ 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት አንድ ኢንች ውስጥ ይሰበስባል። «እንግዲህ 400 ያርድ መተኮስ እችላለሁ ማለት ነው? እስከ ጥቅምት ምን ልለማመድ?» ብለሃል። የመለሱልህ ልጆች ግማሾቹ «በደንብ ትችላለህ» ብለዋል፣ ግማሾቹ ትልቅ ጠመንጃ ሊያስገዙህ ነው። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ጠመንጃው ይችላል። አንተ መቻልህ ግን ገና አልታየም።

ያቺ አንድ ኢንች የመጣችው ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፈህ፣ ጊዜህን ወስደህ ስትተኩስ ነው። ተራራ ላይ ወንበር የለም። ዳገቱን ወጥተህ ልብህ እየደለቀ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ ወጣ ገባ በሆነ ሜዳ ላይ ወይ ተንበርክከህ ወይ ዛፍ ተደግፈህ ነው የምትተኩሰው። አብሮን የሚያድን አንድ ልጅ አለ፤ ወንበር ላይ ሁላችንንም ይበልጠናል። አንድ ጥቅምት ላይ ያለ ምንም ድጋፍ ቆሞ 150 ያርድ ላይ የቆመች ሴት ኤልክ ሳተ። «ስኮፑ (የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር) ተዛብቷል» አለና ካምፕ ተመልሶ ተጋድሞ ሞከረው። ስኮፑ ምንም አልሆነም፤ ሦስቱም ጥይት መሃል ገባ።

ስለዚህ ወንበሩን ለሁለት ነገር ብቻ ተጠቀምበት፦ ስኮፑን ዜሮ ለማድረግ (በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ጥይቱ ያነጣጠርክበት እንዲመታ ለማስተካከል)፣ እና ጠመንጃህ የትኛውን ጥይት እንደሚወድ ለማየት። ዜሮ የምታደርገው ለአደን በምትይዘው በዚያው ጥይት ነው። በርካሽ ጥይት አስተካክሎ በውዱ ማደን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ አይመቱም። ለ.308 ብትጠይቀኝ 200 ያርድ ላይ ዜሮ አድርገው። ያን ጊዜ 100 ላይ ወደ 2 ኢንች ከፍ ይላል፣ 300 ላይ ደግሞ ወደ 8 ኢንች ይወርዳል። 400 ላይ ከ20 ኢንች በላይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ስለ 400 ያርድ የማስበውን ልንገርህ። መውረዱን አስልተህ ልታስተካክለው ትችላለህ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ 200 ያርድ ላይ ጥይትህን ወደ 3 ኢንች ይገፋዋል፤ 400 ላይ ከ10 ኢንች በላይ ይገፋዋል። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ አንተ ጋ ያለው ነፋስና ኤልኩ ጋ ያለው ነፋስ አንድ አይደሉም። ጥይቱ እዚያ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንተ ቃታውን ስትስብ ኤልኩ አንድ እርምጃ ከተራመደ፣ ሳንባ ላይ ያነጣጠርከው ጨጓራ ውስጥ ይገባል። ይሄ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፣ የትኛውም ተኳሽ አያስቆመውም።

የት መምታት እንዳለብህ ለማወቅ እኛ ሐበሾች ከብዙዎቹ አዳኞች የተሻለ ዕድል አለን። ቅርጫ ስትገቡ፣ በሬው ከተገፈፈ በኋላ ጎድኑ ሲከፈት ጠጋ ብለህ እይ። ልቡ የት ነው? ብዙ ሰው ከሚያስበው በታች፣ ፍርምባው አጠገብ፣ ከሁለቱ ወርቾች መሃል ነው። ሳንባው ከሱ በላይና ወደ ኋላ ተንጣሎ ደረቱን ይሞላዋል። ከሳንባው ኋላ ጉበት፣ ከዚያ ጨጓራ ይመጣል። ኤልክም አቀማመጡ ያው ነው። ጎኑን ሰጥቶህ ከቆመ፣ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትለህ ወደ ላይ ውጣና ከደረቱ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ቁም። ከዚያ ከፍ ብትል ሳንባ አለ፣ ዝቅ ብትል ልብ አለ። ከግማሽ በላይ ግን አትውጣ።

ፊቱን አዙሮ ሰያፍ ከቆመ፣ ማሰብ ያለብህ ጥይቱ ስለሚወጣበት ቦታ ነው። በወዲያኛው በኩል ያለውን ወርች በዓይነ ህሊናህ ያዝና ጥይቱ ወደዚያ እንዲሄድ አድርገህ ተኩስ። መግቢያው ከጎድን አጥንቱ ኋላ ሊሆን ይችላል፣ ምንም አይደል። ወደ አንተ ዞሮ ሰያፍ ከቆመ ለጀማሪ ጠብቅ ነው የምለው፣ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ታፋውን ከሰጠህ አትተኩስ። ጭንቅላትና አንገት ላይ የሚተኩሱም አሉ፣ «ስጋ አይበላሽም» እያሉ። የኤልክ ጭንቅላት ዝም ብሎ የማይቆም ነገር ነው፤ ትንሽ ከሳትክ መንጋጋውን ሰብረህ በረሃብ ትገድለዋለህ። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘኖችና የኤልክ የአንጎል በሽታ አለ። አንጎልና አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነገር በጥይት ስጋው ላይ መርጨት አልፈልግም።

አሁን ወደ ልምምዱ። የሚያስፈልግህ 9 ኢንች የሆነ የወረቀት ሳህን ነው። የኤልክ ሳንባና ልብ ያለበት ቦታ ከዚህ ይሰፋል፤ ትርፉን ለድንጋጤህና ለነፋሱ ተውለት። መሃሉ ላይ ነጥብ አታድርግ፣ ኤልክ ላይ ነጥብ የለም። 100 ያርድ ላይ ስቀለውና በአራት አኳኋን ተኩስ፦ ተጋድመህ ቦርሳህ ላይ አስደግፈህ፣ ተቀምጠህ ክንዶችህን ጉልበቶችህ ላይ አድርገህ፣ ተንበርክከህ፣ ቆመህ በመደገፊያ ዱላ። በየአኳኋኑ አምስት አምስት ጥይት። አምስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ በዚያ አኳኋን ወደ 150፣ ከዚያ ወደ 200 ሂድ። አራቱ ገብተው አንዱ ከወጣ፣ የዚያ አኳኋን ወሰንህ ከዚያ በፊት የነበረው ርቀት ነው። «አንዷ አምልጣኝ ነው» አይባልም። ሜዳ ላይ የምትተኩሰው ያቺኑ አንዷን ሊሆን ይችላል።

ይህን ስታደርግ አንድ ሳይሆን አራት ወሰን ይኖርሃል። ብዙ ሰው ተጋድሞ 300፣ ቆሞ ግን 100 ላይ ይቀራል። የምፈልገውም ይህንን እንድታውቅ ነው። ኤልኩን ስታይ «ስንት ያርድ ነው?» ብቻ ሳይሆን «መጋደም እችላለሁ ወይ? ሣሩ ይከልለኛል ወይ?» ትላለህ። የማትተኩስበትን መወሰን የልምምዱ ክፍል ነው።

ሌላው የመጀመሪያዋ ጥይት ነች። ሜዳው እንደደረስክ፣ ሳትሟሟቅ፣ አፈሙዙ ቀዝቅዞ እያለ አንድ ጥይት ተኩስና ቀኑን ጻፍበት። እነዚያን ሳህኖች አስቀምጣቸው፤ ካሉህ ሳህኖች ሁሉ እውነቱን የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ሮጠህ መጥተህ፣ እያለከለክህ ተኩስ። ትንፋሽህን አስወጥተህ ቀጣዩን ከመሳብህ በፊት ባለችው ዕረፍት ቃታውን ቀስ ብለህ ሳብ።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ቃታው ላይ ነው። ርግጫውን ፈርቶ ትከሻውን ያሸማቅቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱ ግን አያውቀውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጓደኛህ ጠመንጃውን ያጉርስልህ፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ያግባ፣ የቱ እንደሆነ አይንገርህ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ተይዘሃል። ከዚያ ቤትህ ውስጥ በባዶ ጠመንጃ በየምሽቱ ጥቂት ደቂቃ ቃታ መሳብ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ክፍሉን ደግመህ ፈትሽ፣ ልጆች ካሉ እነሱ ከተኙ በኋላ። .22 የሚባለው ትንሹ ጠመንጃ ካለህ ደግሞ በርካሽ ትለማመድበታለህ።

ቦታ ለሚለው፣ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ያለው የተኩስ ሜዳ ለኦሮራ ሰው ቅርብ ነው። ግን ብዙ ሜዳዎች ከወንበር ውጪ መተኮስ አይፈቅዱም፣ ቀድመህ ጠይቅ። ለመጋደምና ለመንበርከክ ፓውኒ ናሽናል ግራስላንድ የሚባለው የመንግሥት የሣር ሜዳ ይሻላል። በበጋ የእሳት እገዳ ሲኖር መተኮስ ሊከለከል ስለሚችል ከመነሳትህ በፊት አጣራ።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ ብዙ አትጨነቅ። 30 ዲግሪ ቁልቁል ያለ 300 ያርድ ለጥይትህ እንደ 260 ነው። አዲሶቹ የርቀት መለኪያዎች ራሳቸው ያሰሉልሃል።

ከተኮስክ በኋላ ያለውንም ተለማመድ። ሳህኑን መትተህ ቀና አትበል፤ ዓይንህን ከስኮፑ ሳታነሳ ወዲያው አጉርስ። ኤልክ ጠንካራ ነው፣ ሁለት ሳንባውን ተመትቶም ቆሞ ሊያይህ ይችላል። ቆሞ እስካለ ድረስ ድገመው። ከሮጠ፣ የቆመበትን ቦታ በአንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ምልክት ያዝና ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ደሙ ፈካ ያለና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው። ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ነገር ካለውና ከሸተተ ጨጓራ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰዓት ጠብቅ፣ ካሳደድከው አታገኘውም። የቆሰለን እንስሳ መፈለግ ሕጉም ያስገድድሃል።

ጠመንጃ ቀይር ላሉህ፦ ኮሎራዶ ለኤልክ የሚጠይቀው ከ.24 ያላነሰ ካሊበር፣ ቢያንስ 85 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) የሚመዝን፣ ሲመታ የሚሰፋ ጥይት፣ 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ (የጥይት ጉልበት መለኪያ) ጉልበት ነው። የአንተ .308 ይህን ከበቂ በላይ ያልፋል። ለአዲስ ጠመንጃ ያሰብከውን ብር ለጥይት አውለው። ታግህ (የአደን ፈቃድህ) በኅዳር ለሚውለው ለአራተኛው የጠመንጃ አደን ሲዝን ከሆነ ደግሞ ስጋው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥምብሃል፤ ትልቅ ፍሪዘር ያለው ጓደኛ ከአሁኑ ፈልግ።

ለጊዜው 100 ያርድ ላይ በአራቱም አኳኋን የተኮስካቸውን ሳህኖች ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፋቸው። የቆምክበትን እንዳትደብቅ። ስለ 300 ከዚያ እናወራለን።